የደረቅ ዓይን ልምምድ

ሶልያና ሚኪያስ ለፋይናንስ ሙያ ልምምድ «ጎረቤት» የሚባል አበዳሪ ኩባንያ የገባችው፣ በደብረ ብርሃን ሰውን በደረቅ ዓይን መቅበር የተለመደ ከሆነ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ልጅ እያለች የሰማችው ለቅሶ እንደ ሕልም ትዝ ይላታል፤ ሴቶች ደረታቸውን ሲደቁ፣ ወንዶች ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሲንሰቀሰቁ። ካደገች ወዲህ ድንኳን ውስጥ የምትሰማው የሽንኩርት ዋጋ፣ የእግር ኳስ ውጤትና የብርዱ ነገር ብቻ ነው። እንግዳ ሰው ከውጭ ሆኖ ቢሰማ የልደት ግብዣ ይመስለዋል። ገባ ብሎ ፊቶቹን ካየ ግን ቶሎ ይወጣል።

ነገሩ የጀመረው በቀስታ ነው፤ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንዲሉ። ጎረቤት ለሚያበድረው ገንዘብ ቤት አይዝም፣ መኪና አይዝም። መያዣው የሰው ቅርበት ነው። ተበዳሪው ሲሞት ዕዳው ወደ ቅርብ ሰው ያልፋል፤ ያ ሰው ወራሽ ይባላል። መጀመሪያ ላይ ቅርበት የሚታየው በመታወቂያ ነበር። ሰው ግን ብልጥ ነው፤ ባል ሚስቱን ፈታ፣ ልጅ አባቱን አላውቀውም አለ፣ እናት የወለደችውን የጎረቤት ልጅ ነው ብላ አስመዘገበች። ኩባንያውም ወረቀት መመርመሩን ተወና ድንኳን ውስጥ መቀመጥ ጀመረ። «ሐዘን አይዋሽም» ይላል ማስታወቂያው። ያለቀሰ ይወርሳል። ማንም ካላለቀሰ ዕዳው ከሟቹ ጋር ይቀበራል።

ወራሽ የሆነ ሰው ቤቱ ይታሸጋል፤ ከሚያገኘው ሁሉ ለነፍሱ ማቆያ ብቻ ይተውለታል። እሱም ሲሞት ያለቀሰለት ይወርሰዋል። ስለዚህ ከወራሽ ጋር መንገድ ላይ ቆሞ የሚያወራ የለም፤ ሰላምታውም በሩቁ ነው። ከተማው ማልቀስ ያቆመው ክፉ ሆኖ አይደለም። ፈርቶ ነው።

ኩባንያው ያለበት ሕንፃ መግቢያ ላይ «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚል በትልልቅ ፊደል ተጽፏል። ተለማማጆቹ ጠዋት ጠዋት የሚማሩት የትም ቦታ ያለ የፋይናንስ ተለማማጅ የሚማረውን ነው፤ ሒሳብ ማመሳከር፣ ወለድ ማስላት፣ የዓመት መዝጊያ ማዘጋጀት። ከምሳ በኋላ ደግሞ ጥቁር ነጠላ ይታደላቸውና ለቅሶ ቤት ይሄዳሉ። ነጠላቸው ላይ የሚያደርጉት ጥቁር መርፌ ቁልፍ አለ። ቁልፉ ይሰማል፣ ያያል፣ የማን ትንፋሽ እንደተቆራረጠ፣ የማን ጉሮሮ እንደተናነቀ ይለያል። ለባሹንም ጭምር። ስለ አሠራሩ ማንም አልነገራቸውም፤ ማንም አልጠየቀም።

«ሕጉ ማሽን ብቻውን በሐዘን ላይ አይፈርድም ይላል» አለቻቸው አሰልጣኛቸው ወይዘሮ ሩሐማ በመጀመሪያው ሳምንት። ቀጭን፣ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ፣ ሁልጊዜ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ የምትቀመጥ ሴት ናት። «ቁልፉ ያየውን ያያል፤ ሰው ይመሰክርበታል። ሰውየው እናንተ ናችሁ። የምትሉት ቃል ሁለት ብቻ ነው፤ የቅርብ ወይም የሩቅ።»

«ዝም ካልንስ?» ብላ ጠየቀች ሶልያና።

«ዝም ያለ መስክሯል። ቁልፉ ያለው ይጸናል።»

ሶልያና እዚህ የገባችው ሥራ ጠፍቶባት አይደለም። ልምምዱን ጨርሶ የተመረቀ ሰው ከውርስ ነጻ ይሆናል። የጎረቤት ሠራተኛ የፈለገው ድንኳን ገብቶ፣ ለፈለገው ሰው፣ እንደ ልቡ ቢያለቅስ ማንም አይነካውም። እሷ የምትፈልገው ይኼንን ነው፤ የምትፈልገውም ለአባቷ ነው።

አባቷ ሚኪያስ ዕድሜውን በሙሉ የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ሹፌር ነበር። አሁን ደረቱ ታሞ፣ ጠዋት ጠዋት በሰፈራቸው በጠባሴ ፀሐይ ፍለጋ ግድግዳውን ተደግፎ ይቀመጣል። ዕዳ አለበት፤ ለደረቱ ሕክምና የወሰደው ነው። እናቷም ስትሞት ነበረባት፤ ለትንሿ ሱቋ ብላ የተበደረችው። የእናቷ ለቅሶ ዕለት ሶልያና ከአባቷ ጎን ተቀምጣ ሳለ ጉሮሮዋ ውስጥ አንድ ነገር ሲመጣባት፣ አባቷ እጇን አጥንቷ እስኪሰማት ጨብጦ «ምሰሶውን እይ» አላት። የድንኳኑን ምሰሶ አየች። እንጨቱ ላይ ያለውን ጉጥ፣ ገመዱ የላጠውን፣ የዝገት ጠብታውን አየች። ያ ነገር ቀስ ብሎ ወደ ታች ወረደ። የእናቷ ዕዳ ከእናቷ ጋር ተቀበረ፤ ቤቱ ተረፈ። አባትና ልጅ ግን ለብዙ ጊዜ ዓይን ለዓይን መተያየት አፈሩ።

«ሶሊ» አላት አንድ ቀን፣ ከግድግዳው ሥር ሆኖ። «እኔ ሞትን አልፈራም፤ ሞት ለማን ይቀራል። የምፈራው እንደ እናትሽ መሄድን ነው። ሰው ሆኜ ኖሬ እንደ ጭነት ስራገፍ ይታየኛል። አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ፣ እንደ ድሮው ያልቅስልኝ። ሌላ ውርስ አልጠይቅሽም።»

«አለቅስልሃለሁ አባዬ። ልምምዱን ልጨርስና።»

«እንግዲያውስ እኔም እጠብቃለሁ» አለና ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፤ ሳሉ አልቆም አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሶልያና በየሳሉ መሐል ትንፋሽዋን ይዛ መጠበቅ ለመደች።

ልምምዱ ቀላል ነው የሚል ሰው አልሞከረውም። ሶልያና ድንኳን ውስጥ መግቢያው አጠገብ፣ ሁሉም ሰው በሚታይበት ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ የተለማማጅ ቦታ ያ ነው። ሁሉም ያውቃታል፤ ማንም አያያትም። ሰዎቹ ዓይናቸውን ለማድረቅ የማያደርጉት የለም። ዝንጅብል የሚያኝኩ አሉ። ጥፍራቸውን መዳፋቸው ውስጥ የሚተክሉ አሉ። አንድ ሽማግሌ የወንድማቸው ሬሳ ሲወጣ ስለ ሞተር ዘይት ዓይነቶች ለጎረቤታቸው ማስረዳት ጀመሩ፤ ሬሳው በር እስኪያልፍ አላቆሙም። ለቅሶ ቤት ሽንኩርት መክተፍ ከቀረ ቆይቷል። አንዲት ምስኪን ለእንግዳ ወጥ ልሥራ ብላ ጓዳ ገብታ ወራሽ ሆና ወጣች ይባላል። እውነት ይሁን ተረት የሚያውቅ የለም፤ ንፍሮ ብቻ መቅረብ የጀመረው ግን ከዚያ ወዲህ ነው።

መጀመሪያ ሰሞን ሶልያና ማታ ስትመለስ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቆይቶ ተወው። እጇ መንቀጥቀጡን ማቆሙ ደግሞ ይበልጥ አስፈራት።

አንድ ከሰዓት ከወይዘሮ ሩሐማ ጋር ከአንድ ድንኳን ሲመለሱ፣ አውቶቡሱ ውስጥ ማንም አጠገባቸው አልተቀመጠም። ሶልያና ብዙ ቀን ያሰበችውን ጥያቄ አወጣች።

«ወይዘሮ ሩሐማ፣ እርስዎ ነጻ ነዎት አይደል?»

«ነጻ ነኝ።»

«እንግዲያው… ያለቅሳሉ?»

ወይዘሮ ሩሐማ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ጉም ከወደ ጣርማበር ተራራ እየወረደ መንገዱን መዋጥ ጀምሯል።

«የመጀመሪያ ልጄን ቀብሬያለሁ» አለች። «ድንኳኑ ውስጥ ቁጭ ብዬ ለቅሶውን ጠበቅሁት። ዛሬ ማንም አይከለክለኝም ብዬ። ሦስቱንም ቀን ጠበቅሁት። አልመጣም።» ከዚያ እጇን መልሳ ጭኗ ላይ አጣጠፈችና «የነገውን የወለድ ሥራ ጨርሰሻል?» ብላ ጠየቀች።

ሶልያና ጨርሻለሁ አለች። አልጨረሰችም ነበር።

የመጨረሻው ፈተና አንድ ድንኳን ብቻዋን ገብታ መመስከር ነው። የደረሳት ጠባሴ ዳር የነበሩ መካኒክ፣ አቶ ሳምሶን የሚባሉ ሰው ለቅሶ ሆነ። ያን ዕለት ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አልተወም። የኩባንያው ጥቁር ነጠላ መንገድ ላይ በስብሶ ስለነበር፣ በቤቷ በኩል ስታልፍ ገብታ የእናቷን ነጠላ አነሳች። ነጭ ነው፤ ጥለቱ ጥቁር። ሳጥን ውስጥ ከተቀመጠ ጀምሮ ማንም አልለበሰውም። ቁልፉን ደረቷ ላይ ሰካችና እየሮጠች ሄደች።

ድንኳኑ በአየር የሚነፋ ዘመናዊ ድንኳን ነበር። ወንበሩ ተደርድሯል፤ ሰው ግን የለም። አንዲት ባልቴት ብቻ ጋቢ ደርበው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። የሟቹ ሚስት እማማ ሜላት ናቸው።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለች ሶልያና።

«አሜን። ግቢ የኔ ልጅ፣ ከዝናቡ ግቢ።» «ከጎረቤት ነሽ፣ አይደል?»

ተለማማጅ ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠት አይፈቀድለትም። ሶልያና መሬት መሬት አየች።

«ምንም አይደለም። ለቅሶ የመጣ ሰው አይመለስም» አሉና ተነስተው በሳህን ንፍሮ አመጡላት። «ልጆቼን እንዳትመጡ ብያቸዋለሁ። የሰፈሩም ሰው ትናንት በር ላይ ቆሞ ነፍስ ይማር ብሎ ሄደ። አልፈርድበትም። ብዪ እንጂ! ብርድ ነው።»

ሶልያና በላች። እሳቸውም ከፊቷ ተቀምጠው ስለ ባላቸው ማውራት ጀመሩ፤ የሚያወሩት ግን እንደ ሞተ ሰው ሳይሆን፣ ዕቃ ሊገዛ ወጣ እንዳለ ሰው ነው። እጁን ታጥቦ የቅባቱን ጥቁር ፎጣው ላይ ይተዋል፤ በስንት ቋንቋ ብለምነው አልተወም። በሩን ሲዘጋ በእግሩ ነው። ይህን ሲሉ ዓይናቸው ደርቆ ጭራሽ ያበራ ነበር። መዳፋቸው ላይ ግን ጥፍራቸው የተከለው ምልክት ቀልቶ ይታያል። ሶልያና ሥራዋን ታውቃለች፤ ልባቸው ውስጥ ያለውን ለማየት ቁልፍ አያስፈልጋትም ነበር። ያላለቀሰ ግን የሩቅ ነው። የሩቅ ብላ ትወጣለች፤ የአቶ ሳምሶን ዕዳ ይቀበራል፤ እሷም ትመረቃለች። ደስ አላት። ደስ ያላትን ያህልም ቶሎ ለመውጣት ቸኮለች።

ልትነሳ ስትል እማማ ሜላት ትኩር ብለው አዩዋት።

«ምነው ልጄ፣ ነጠላሽን ሠርግ እንደሚሄድ ሰው ለበስሽው?»

«እንዴት…?»

«ለቅሶ እንዲህ አይለበስም። ጥለቱ ወደ ላይ ነው፣ ወደ አንገት። ነይ።» መልስ ሳይጠብቁ አጠገቧ መጡ። ቁልፉን ነቀሉት፣ መዳፋቸው ላይ አድርገው አንድ ጊዜ አዩት። ነጠላውን ገልብጠው ጥለቱን ወደ አንገቷ አዞሩት፣ በትከሻዋ መለሱት፣ ቁልፉን ራሳቸው መልሰው ሰኩላት። ሲሰኩ የጣታቸው ጀርባ አንገቷን ነካት። ሞቃት ነበር። ነጠላው ሲገላበጥ ደግሞ የእናቷ ጠረን ከውስጡ ወጣ፤ ሱቋ ውስጥ የነበረው የሳሙናና የከሙን ሽታ።

«እናትሽ አላሳየችሽም?»

«እናቴ ሞታለች።»

«አልቅሰሽላታል?»

ሶልያና አላለቀስኩም ለማለት ራሷን ነቀነቀች። ያ ነገር ያኔ መጣ። ከሆዷ ተነስቶ ሲመጣ ታወቃት፤ ፍርሃቷም አብሮት መጣ። ምሰሶ ፈለገች። ድንኳኑ በአየር የተነፋ ነው፤ ምሰሶ የለውም። ከወዲህ ወዲያ አየች፣ ዓይኗ የሚይዘው አንድም ነገር አጣች፣ አፏን በሁለት እጇ ያዘች፣ ድምፁ ግን በጣቶቿ መሐል ወጣ። የራሷ ድምፅ አልመስል አላት።

«ዝም በይ! ዝም በይ የኔ ልጅ፣ ይሰሙሻል!» እማማ ሜላት ደነገጡ። ጋቢያቸውን ገፈው ከእነ ራሷ አለበሷት፤ ራሳቸውም አብረዋት ገብተው ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዟት። ጨለማ ሆነ። ከጋቢው ሥር ሶልያና ስትንሰቀሰቅ፣ አሮጊቷ ሰውነታቸው እንደ እንጨት ደርቆ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አንድም ድምፅ አላወጡም። በጆሮዋ ብቻ «ቶሎ ጨርሺው» አሏት። «ቶሎ ጨርሺው፣ ልጄ፣ ቁልፉ ሳያይሽ።»

በማግስቱ ወይዘሮ ሩሐማ በሩን ዘግታ አስቀመጠቻት። የድንኳኑን ድምፅ ከፈተች። መጀመሪያ ዝናብ፣ ከዚያ የእማማ ሜላት ወሬ፣ ከዚያ የጨርቅ ኮሽታ፣ ከዚያ ለቅሶ። ሶልያና የራሷን ለቅሶ ስትሰማ ወንበሩን ያዘች።

«ከጋቢ ሥር ሁለት ሴቶች ናችሁ» አለች ወይዘሮ ሩሐማ። «ለቅሶው የአንዷ ነው። ሕጉ ወሬውን አይቆጥርም፤ የሚቆጥረው ለቅሶውን ነው። ጋቢው ስለሸፈነው፣ እናንተም ስለተቃቀፋችሁ፣ ቁልፉ አልለየውም። ስለዚህ አንቺ ትለይዋለሽ።» ድምፁን አጠፋችው። «ለቅሶው የማን ነው?»

ሶልያና የእኔ ነው ብትል ምን እንደሚሆን ታውቀዋለች። ተለማማጅ ገና ነጻ አይደለም። የማታውቃቸው መካኒክ ዕዳ ወራሽ ትሆናለች፤ ልምምዱ ያበቃል፤ ከአባቷ ጋር የሚኖሩበት የጠባሴው ቤት ይታሸጋል። አባቷ ግድግዳውን ተደግፎ የሚጠብቀው ነገር ሁሉ ያበቃል። የማን እንደሆነ አላወቅሁም ብትልስ? የማታውቅ ምስክር አትመረቅም። እማማ ሜላትን አሰበች፤ ጥፍራቸው መዳፋቸው ላይ የተከለውን ምልክት አሰበች። ከዚያ የአባቷ ሳል ጆሮዋ ውስጥ መጣ።

«የሳቸው ነው» አለች።

«የቅርብ?»

«የቅርብ።»

ወይዘሮ ሩሐማ ረጅም ጊዜ አየቻት። የተቆጣች አትመስልም፤ የተገረመችም አትመስልም። «ሁላችንም እንዲህ ያለች አንድ አንድ ድንኳን አለችን፣ ሶልያና» አለች። ተነስታ እጇን ዘረጋችላት። «እንኳን ደስ አለሽ።»

አባቷ ነገሩን ሲሰማ እንደ ልጅ ተደሰተ። መንገደኛውን ሁሉ እየጠራ «ልጄ ነጻ ወጣች! ልጄ ማልቀስ ትችላለች!» እያለ አወራ። ሶልያና ምን እንዳደረገች አልነገረችውም። በሳምንቱ አውቶቡስ ላይ ሆና በእነ እማማ ሜላት ሰፈር ስታልፍ በራቸው ታሽጎ፣ ወንበርና ፍራሻቸው ደጅ ላይ ዝናብ ሲመታው አየች። እሳቸው ራሳቸው አንዱ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አውቶቡሱን ቀና ብለው አዩት። ሶልያና ጎንበስ ብላ ጫማዋን አሰረች፤ ጫማዋ ማሰሪያ አልነበረውም።

ያን ቀን መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ከእንግዲህ ነጻ ነኝ አለች፤ ማንም አይከለክለኝም። የእናቷን ነጠላ ፊቷ ላይ አደረገችው። ጠረኑ አለ፤ ሳሙናውም ከሙኑም አለ። ጠበቀች። ምንም አልመጣም። ወደ ጓዳ ሄዳ ሽንኩርት ከተፈች፤ ዓይኗ ውሃ አወጣ፤ ጉሮሮዋ ግን ዝም አለ። ቢላውን አስቀምጣ ቆመች። ጓሮ አባቷ ያስላል። ሶልያና በሕይወቷ እንደዚያን ቀን የፈራችበት ጊዜ የለም። እንዳይሞትብኝ ነበር የምትለው ድሮ። አሁን ግን ቢሞት ምን ይዤ እቀርባለሁ ነበር የምትለው።

አባቷ መስቀል አልፎ ብርዱ ሲገባ ሞተ። የዕድሩ ሰዎች የድሮውን የሸራ ድንኳን ተከሉለት፤ በሕይወት ሳለ እሱ ራሱ የለመናቸው ነው። ባለ ምሰሶ።

ድንኳኑ ከዳር እስከ ዳር ሞላ። ይህን ያህል ሰው ለቅሶ ላይ ከታየ ስንት ጊዜው። ነጻ የወጣች ልጅ አለችው፣ ታለቅሳለች፣ ተባለ፤ ሽማግሌዎቹ ከነልጅ ልጆቻቸው መጡ። ልጆቹ ለቅሶ ሰምተው አያውቁም። መግቢያው አጠገብ፣ ሁሉም በሚታይበት ወንበር ላይ፣ ጥቁር ነጠላ የለበሰች አንዲት ቀጭን ተለማማጅ ተቀምጣለች። ሶልያና ያን ወንበር ታውቀዋለች። ሬሳው ወጥቶ ተቀብሮ ሲመለሱ ሁሉም ተቀመጠና ዝም አለ። ስለ ሽንኩርት ያወራ የለም። ሁሉም እሷን ይጠብቃል።

ሶልያና አፏን ከፈተች። አየር ወጣ። አባዬ፣ አለች፤ ቃሉ እንደ ሌላ ቃል ሁሉ ወጥቶ ጠፋ። በልቧ ለመነችው፤ ና፣ ዛሬ ብቻ ና፣ ቃል ገብቼለታለሁ። ደረቷን በእጇ መታች፤ ድምፁ ባዶ በርሜል የተመታ መሰለ። አንዲት ሴት ለጎኗ ሰው «እንዲያው ደነገጠች መሰል» ስትል ተሰማ። ሌላው ጉሮሮውን ጠረገ። አንድ ልጅ «መቼ ነው የምትጀምረው?» ብሎ ጠየቀና አያቱ አፉን ያዘው።

እማማ ሜላት ያኔ ገቡ።

ልብሳቸው ያው ጋቢ ነው፤ ጫፉ ተበልቷል። ሰው ሁሉ ወራሽ መሆናቸውን ስለሚያውቅ ሸሸ ሸሸ አለላቸው። እሳቸው ማንንም አላዩም። ድንኳኑ መሐል ቆሙ፣ ጥለታቸውን ወደ አንገታቸው አዞሩ፣ ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉና እንደ ድሮው ሴቶች፣ ከእግራቸው ጥፍር በሚመጣ ድምፅ፣ አለቀሱ።

«ወይኔ! ወይኔ የኔ ጌታ! በሩን በእግሩ የሚዘጋው! ወይኔ፣ ፎጣዬን ማን ያጥቁርልኝ! ወይኔ እጁ!»

ሚኪያስን አያውቁትም። ያ ሁሉ ጊዜ በመዳፋቸው የጨበጡት ሳምሶን ነው የሚወጣው። የሚያለቅሱት ግን በሚኪያስ ድንኳን፣ በሚኪያስ ስም ነበር። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። አንድ ሽማግሌ ፊታቸውን በጋቢ ሸፈኑ። ሶልያና ሰውነቷ በሙሉ ሰማው፤ አባቷ የጠየቃት ይኼ ነበር፤ ይኼው ደረሰው፤ ያደረሰው ግን የእሷ ጉሮሮ አይደለም።

ሲደክማቸው እማማ ሜላት ፊታቸውን ጠርገው መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ። አሁን ያጋልጡኛል አለች ሶልያና በልቧ፤ መሸሺያ አጥታ ትከሻዋን ሰበሰበች። እሳቸው ግን ነጠላዋን አዩት። በጥድፊያ ዛሬም አገላብጣ ለብሳው ነበር። ጥለቱን ቀስ ብለው ወደ አንገቷ አዞሩት።

«እንዲህ ነው» አሉ። ድምፃቸው ሰልሏል። «ለእናትሽ አንቺ እኔ ቤት አለቀስሽ። ለአባትሽ ደግሞ እኔ። ምን ቀረኝና እፈራለሁ? የሚወስዱት የላቸውም።»

«እማማ…» አለች ሶልያና።

የሚወስዱት ግን ነበራቸው። በሳቸው ላይ ሁለት ዕዳ ከተጫነ፣ ሲሞቱ ሊያለቅሱላቸው ለሚችሉ ልጆቻቸው ሁለት ዕዳ ይደርሳል። እነዚያ ልጆችም በእናታቸው ድንኳን ዝንጅብል እያኘኩ ይቀመጣሉ። ሶልያና ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች።

ተለማማጇ ከወንበሯ ተነስታ መጣች። ፊቷ ነጥቷል፤ የመጀመሪያ ድንኳኗ ሳይሆን አይቀርም። ጎንበስ አለችና በሹክሹክታ ጠየቀች።

«ይቅርታ እህቴ፣ ሐዘን ላይ ሆነሽ… እኚህ እናት ዘመዳችሁ ናቸው? ቁልፉ የቅርብ ነው የሚለው። አንቺም የኛ ሰው ስለሆንሽ፣ የሩቅ ካልሽኝ የሩቅ ብዬ እመሰክራለሁ።»

አንድ ቃል ነው። የሩቅ። ሶልያና ቃሉን ምላሷ ላይ አገኘችው። ከቃሉ ኋላ ግን ሌላው ጥያቄ ሁሉ ተሰልፎ ቆሟል፤ ካላወቁት ለምን አለቀሱ፣ አንቺስ ከየት ታውቂያቸዋለሽ፣ ያኔ ከጋቢው ሥር ያለቀሰው ማን ነበር። ድንኳኑ በሙሉ ወደ መሬት አቀርቅሯል። እማማ ሜላት እጇን ይዘዋል፤ እጃቸው እንደዚያን ጊዜው ሞቃት ነው። ተለማማጇ ትጠብቃለች፤ ዝም ያለ ደግሞ መስክሯል።

ሶልያና ምሰሶውን አየች።